የኦስታ ሹክሮላህ ሕመም

ኦስታ ሹክሮላህ በሃያ ሁለት ዓመቱ ናዳ ተጭኖት አንድ ቀን ተኩል ከመሬት በታች ቆይቷል። ቆፍረው አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲያስቀምጡት ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «አካፋዬን ማን ወሰደው?» የሚል ነበር። ይህን የማያውቅ ሰው ኖስራት አባድ ውስጥ የለም። ሥራው ቃናት መቆፈር ነው፤ ከተራራው ሥር ተነስቶ በጨለማ እየተሳበ ለሮማን እርሻችን ውሃ የሚያመጣውን የመሬት ውስጥ ቦይ መቆፈርና መጥረግ። የዚህ ሙያ ሰዎች ሲወርዱ ነጭ ይለብሳሉ። መሬቱ ቢደረመስ የመቀበሪያ ከፈን ፍለጋ ማንም እንዳይደክም ነው ይላሉ። እሱ ያን ነጭ ልብስ ለብሶ ከሃያ ዓመት በላይ ሲወርድ ሲወጣ ኖሯል። «ኦስታ» ብለን የምንጠራውም የሙያው አለቃ ስለሆነ ነው።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በአርባ አራት ዓመቱ ከአንዲት መርፌ ጋር ትግል የገጠመው።

እኔ ያዱላህ የመንደሩ ጤና ኬላ ሠራተኛ ነበርኩ። ጊዜው የስምንት ዓመቱ ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት፣ መንግሥት ሕዝቡ በዛብኝ ብሎ የደነገጠበት ጊዜ ነው። የጤና ኬላችን ግድግዳ «ጥቂት ልጅ፣ የተሻለ ኑሮ» በሚል ወረቀት ተሸፍኖ ነበር። ክኒን እናድላለን፣ ሴቶቹን እንመክራለን። በኋላ ከበላይ ትእዛዝ መጣና ወንዶቹንም ምከሩ ተባልን። ያዝድ ከተማ ቫሴክቶሚ የሚሠራ ክሊኒክ ተከፍቷል፤ ቢላ የለውም፣ ስፌት የለውም፣ የዘር መተላለፊያ ቱቦዋን በትንሽ ቀዳዳ ሳብ አድርጎ ቆርጦ መቋጠር ነው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በመንደሩ ሰው አፍ ስሙ «መቋጠር» ብቻ ሆኖ ቀረ።

የኦስታ ሚስት ኤስማት የአክስቴ ልጅ ናት። ስድስተኛውን ልጅ ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው። ክኒኑ ደግሞ ደም ግፊቷን ሰቀለባት። ስለዚህ ባሏን ጠርቼ ነገሩን አስረዳሁት። ሻዩን በኩብ ስኳር እየመጠጠ አዳመጠኝና፣ ስልሳ ሜትር ለሚወርድ ሰው ይህች ምን አላት፣ ጻፈኝ አለ። ጻፍኩት። በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያው ስም የእሱ ነው።

የእሱን ስም ያዩ ሌሎችም ተከተሉ፤ አሥራ አራት ደረሱ። ሁለተኛው የእህቱ የሩባብ ባል ፈትሁላህ ነበር፣ ፀጉር ቆራጩ። ሩባብ የልብ ሕመምተኛ ናት። አምስት ልጆች አሏት፤ የከተማው የልብ ሐኪም ስድስተኛ እርግዝና ይገድላታል ብሎ በጽሑፍ ሰጥቶናል። እሷን አደንዝዞ ማስቋጠርም ልቧ የሚችለው ነገር አይደለም። ስለዚህ ተራው የፈትሁላህ ነው። ፈትሁላህም እሺ ብሏል፤ ግን መጀመሪያ ኦስታ ይሂድና ልየው ነው ያለው።

እስኪያየው ድረስ ግን ዝም ብሎ አልጠበቀም። ፈትሁላህ ምላጩን ሲስል ምላሱም አብሮ የሚሳል ሰው ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነገረኝ ብሎ ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት መቋጠር እንደ ንብ ንድፊያ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የበቅሎ ርግጫ ሆነ። በሦስተኛው፣ ጅማቱ ከተረከዝ ጋር ስለሚገናኝ ሲሳብ የሰውየው እግር ጣቶች ጫማው ውስጥ ይኮማተራሉ፣ ድምፁም ይቀጥናል ተባለ። ሹፌሩን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያየው ሰው የለም። ኦስታ ግን ሐሙስ ሐሙስ ፂሙን የሚያስተካክለው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ጉሮሮው ላይ ምላጭ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ።

ከዚያ በኋላ እየመጣ በዘወርዋራ ይጠይቀኝ ጀመር። አንድ ቀን፣ ጅማት ሲባል ከየት ተነስቶ የት ይደርሳል አለኝ። ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየሁት። የምታምህ መርፌዋ ብቻ ናት፣ እሷም ብትሆን እንደ ቁንጥጫ ናት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ለሞት የተቃረበን ሕመምተኛ «ደህና ነህ» የሚል ሐኪም ሲያዩ እንደሚያዩት ነው ያየኝ። እንጀራዬ ስለሆነ የምዋሽ መሰለው።

ቀጠሮው አንድ ሳምንት ሲቀረው የመንደሩን በር ሁሉ ማንኳኳት ያዘ። በየበሩ ቆሞ «አፉ በሉኝ» ይላል። ለምን እንደሆነ አይናገርም። ከኖስራት አባድ አፉ በሉኝ ብሎ የሚነሳ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው? መሽሐድ፣ የኢማም ሬዛን መቃብር ሊሳለም፤ ተሳላሚ ሁሉ ይቅርታ ጠይቆ ነው የሚነሳው። ሰውም እንዲያ ነው የገባው። አፉ ብለናል፣ አንተም በዱዓህ አትርሳን አሉት። እማማ ሻህረባኑ የምትባል ጉልበቷ የሚያማት አሮጊት ጎረቤቱ የመቃብሩን አጥር አስነካልኝ ብላ መሐረቧን ሰጠችው። እምቢ ማለት አልቻለም፣ መሐረቡን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ማታ ለትልቁ ልጁ የመቆፈሪያ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ አስረከበው። ኤስማት ይህን ሁሉ እያየች አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ሱሪውን አጥባ ተኮሰችለት።

ጠዋት በሚኒባስ ይዤው ሄድኩ። ክሊኒኩ በር ላይ አንድ ተማሪ ሐኪም ወረቀት ይዞ ተቀበለን። ለጥናት ነው አለ። ወረቀቱ ላይ አንድ ረጅም መስመር ተሰምሯል፤ ግራው ጫፍ ምንም ሕመም የለም ማለት ነው፣ ቀኙ ጫፍ ከዚህ የባሰ ሕመም የለም ማለት ነው። ከመግባትህ በፊት ምን ያህል ያመኛል ብለህ ታስባለህ፣ መስመሩ ላይ ምልክት አድርግ አለው። ኦስታ እስክሪብቶውን ተቀበለ፣ መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ በዓይኑ ተከተለ፣ ከዚያ ምልክቱን ከወረቀቱ አሳልፎ ጠረጴዛው ላይ አደረገው። ተማሪው መስመሩ ላይ መሆን አለበት አለ።

«ወንድሜ፣ መስመርህ አጠረ» አለው ኦስታ።

ውስጥ ሲያስተኙት እኔ ካልቆምኩ አልተኛም ስላለ ዶክተሩ ፈቀደልኝ። ዶክተር ጎልሻን ይባላል፤ ወፍራም፣ ቀልድ የማያውቅ፣ ረጋ ያለ ሰው። ኦስታ በግራ እጁ ዓይኑን ሸፈነ፣ በቀኙ የእኔን እጅ ያዘ፣ እንደሚሞት ሰው ሸሃዳውን አንድ ጊዜ ጨርሶ እንደገና ጀመረ። ዶክተሩ መርፌዋን ሲወጋው «እህ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ዋናውን መጠበቅ ያዘ። ዶክተሩ ሥራህ ምንድነው አለው። ነገረው። ታዲያ የአባቴ እርሻ ቃናት ሁለት ዓመት ሆነው ውሃው ከቀነሰ፣ ምን ይመስልሃል አለው። ኦስታ እጁን ከዓይኑ ላይ አነሳ። የትኛው ቀበሌ ነው፣ መጨረሻ የተጠረገው መቼ ነው፣ ጎረቤት ጥልቅ ጉድጓድ በሞተር ቆፍሯል ወይ እያለ ዶክተሩን ይመረምረው ጀመር። ስለ ደለሉ አስረድቶ ሳይጨርስ ዶክተሩ ጓንቱን አውልቆ ተነስ አለው።

«ጨርስና እነሳለሁ» አለ ኦስታ።

«ጨርሻለሁ እኮ።»

«ምኑን?»

ዶክተሩ ሁለት ቀን ተኛ፣ ሳምንት ከባድ ነገር አታንሳ፣ ከሦስት ወር በኋላ ለምርመራ ና፣ እስከዚያ ሌላ መከላከያ ተጠቀሙ ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ። በዚያ ክፍል ያን ቀን የተጎዳ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ኦስታ ሲጨብጠኝ የቀለበት ጣቴ ወልቆ ነበር፤ ነርሱ ጎትቶ መልሶ በፋሻ ጠመጠመልኝ። ስወጣ ተማሪው ሐኪም ፋሻዬን አይቶ ሕመምተኛው እኔ መስዬው፣ ምን ያህል አመመህ ብሎ ወረቀቱን ለእኔ ዘረጋ።

ኦስታ ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው። ይህን ለማን ነው የምታሳየው ብሎ ጠየቀ። ለማንም፣ ስም የለበትም ተባለ። ያን ጊዜ ከግራው ጫፍ የጥፍር ያህል ብቻ ራቅ ብሎ ትንሽ ነጥብ አስቀመጠ።

በሚኒባሱ ተሳፍረን ተመለስን። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን የተዘረፈ ሰው ይመስል ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ያዱላህ፣ በቃ ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«የረሱት ነገር የለም? አንዱን ብቻ ቋጥረው ይሆን?»

«ሁለቱንም። ቆሜ አይቻለሁ።»

«እንግዲያውስ ምን ልል ነው? ሰባ ቤት አንኳኩቼ ተሰናብቼ ሄጄ፣ ትንኝ ነክሳኝ ተመለስኩ ልበል?»

እውነቱን በል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። የእሱ ሂሳብ ሌላ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ስህተት አልነበረበትም። ወር ሙሉ የተንቀጠቀጠ ሰው ነው። ነገሩ ምንም ካልሆነ፣ በምንም የተንቀጠቀጠ ፈሪ ነው። ነገሩ ከባድ ከሆነ ግን ከባዱን የተጋፈጠ ጀግና ነው። መሐል የሚባል ነገር የለም። ሚኒባሱ መንደሩ አፋፍ ላይ ሲያወርደን ደህና ሆኖ ወረደ፣ ቦርሳዬንም ያዘልኝ። የመጀመሪያው ቤት ጥግ ስንደርስ ቦርሳዬን መለሰልኝ፣ እግሮቹን እንደ በርሜል ተሸካሚ ከፈታቸው፣ ትከሻዬን ተደገፈ። እንዲያ እያነከሰ ቤቱ ገባ።

ኤስማት ዶሮ አርዳ ጠበቀችው። ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ፍራሽ ደርባ አነጠፈችለት፣ ልጆቹን ዝም አሰኘቻቸው፣ መረቅ በሳፍሮን አድርጋ በማንኪያ አቀረበችለት። ይህች ሴት የመጀመሪያዎቹን አምስት ወልዳ በሦስተኛው ቀን ቦይ ወርዳ ልብስ ያጠበች ናት። ጎረቤት በየተራ መጣ። መሐረቡንም መለሰ፤ ሰው በተሰበሰበበት እማማ ሻህረባኑ እጇን ስትዘረጋ ምን ይበል? ዝም ብሎ ሰጣት። ጉልበቷ ላይ አሠረችው። በሳምንቱ ጉልበቷ ተሻላት፣ ገበያም በእግሯ ሄዳ መጣች።

የት እንደሄደ ከእማማ ሻህረባኑ በቀር ያን ጊዜ ሁሉም አውቋል፤ ስለዚህ ወንዶቹ ሊጠይቁት ሳይሆን ሊሰሙት ነበር የሚመጡት። በመጀመሪያው ቀን፣ ወንድ የሚችለው ነው፣ ብቻ አላህ አያምጣው አለ። በሦስተኛው ቀን ጉጠት ገባበት። በአምስተኛው ቀን ጉጠቱ ሁለት ሆነ፣ ዶክተሩም እግሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይጎትት ነበር ተባለ። ፈትሁላህ መጥቶ አጠገቡ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ሰማ። በመጨረሻ ኦስታ፣ አንተ የነገርከን እኮ ሲሶውን ነው አለው። ፈትሁላህ ኩራትም ፍርሃትም በአንድ ላይ ተሰማው፤ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ መዝገቤ መራገፍ ጀመረ። አንዱ ሮማን መልቀሚያዬ ደርሷል አለ። አንዱ ወገቤን አለ። አንዱ የሞተ አባቱ በሕልሙ መጥቶ እንደከለከለው ነገረኝ፤ አባቱን አውቃቸዋለሁ፣ በሕይወታቸው ለልጃቸው ምክር ሰጥተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ከአሥራ ሦስቱ ሁለት ቀሩ፤ ከሁለቱ አንዱ ጆሮው የማይሰማ ነው። ፈትሁላህ ሌላ ሰበብ አልፈለገም። ስሜን ሰርዝ፣ ኦስታ ሹክሮላህን እንዲያ ያደረገ ነገር እኔን ሬሳ ያደርገኛል አለኝ።

ሄድኩ። ኦስታ ትራሱን ተደግፎ ሮማን ፈልፍለው በሳህን አቅርበውለት ይበላል። አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። በሩን ዘጋሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ ከመዝገቡ ስንት ሰው እንደወጣ፣ ፈትሁላህም እንደተሰረዘ፣ የሩባብ ልብ ምን እንደሆነ እያወቀ እንደሚያወራ። የሮማን ፍሬ ማንሳቱን ተወ። ግን አልተነሳም። አሁን እውነቱን ብናገር ኤስማት ምን ትለኛለች፣ ስንት ዶሮ አረደች መሰለህ አለ። እንግዲያውስ እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩት።

«አንተ አትነግርም» አለኝ ረጋ ብሎ። «የሕመምተኛ ምስጢር አማና ነው ብለህ የማልከው አንተ ነህ። እዚያው ጤና ኬላህ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።»

እውነቱን ነው፤ ተለጥፏል። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። እሱ ፊደል በደንብ አያነብም፤ ያን አንዱን ግን አንብቦታል።

እዚያው እያለሁ ሩባብ መጣች። ደረጃዋን ስትወጣ ትንፋሿ እስከ ውስጥ ይሰማ ነበር። ተቀመጠች፣ ጥቂት አረፈች፣ የወንድሟን እጅ ይዛ ሳመች። በሻርፗ ጫፍ የተቋጠረ ደረቅ ቅጠል አውጥታ ለቁስል ጥሩ ነው ብላ አጠገቡ አስቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አለችው፤

«ወንድሜ፣ የደረሰብህን ሰማሁ። ፈትሁላህን እኔው ራሴ ተው ብየዋለሁ። እኔን ለማዳን ብሎ ሰው እንደዚያ አይሰቃይም። እኔ እንደሆን የአላህ ነኝ፤ ቢመጣም ይምጣ።»

ኦስታ እጇን አጥብቆ ያዘ።  እሷ ልጆቼ ብቻቸውን ናቸው ብላ ስትወጣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ቆየ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ክሊኒኩ ውስጥ አላየሁትም፤ ያ ተማሪ ሐኪም ወረቀቱን ይዞ መምጣት የነበረበት ያን ሰዓት ነው። ከዚያ ተነሳ፣ ሱሪውን ለበሰ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ወጣ። ተከተልኩት። ቀጥ ብሎ፣ ሳያነክስ ነበር የሚሄደው፤ በየበሩ የተቀመጡ ሴቶች በዓይናቸው ተከተሉት።

ቀኑ ሐሙስ ስለነበር ፀጉር ቤቱ ሞልቷል። አንድ ሰው ፊቱ ግማሹ ሳሙና ሆኖ ወንበሩ ላይ ነበር። ኦስታ በሩ ላይ ቆሞ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ «አላመመኝም» አለ።

ሁሉም ዞር አለ። ደግሞ ተናገረ። የመርፌዋ ቁንጥጫ ብቻ ነበረች፣ የነገርኳችሁ ሁሉ ውሸት ነው፣ ጉጠት የሚባል አላየሁም አለ።

ማንም አላመነውም። አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ በአገጩ አመልክቶ፣ ጤና ኬላው አስመክሮ ላከው አለ። ሌላው ደግሞ፣ አያችሁ፣ ከተቋጠረ ወዲህ ልቡም ለሰለሰ ብሎ ለጎኑ ሹክ አለው። ፈትሁላህ ምላጩን በፎጣ እየጠረገ በአክብሮት ነበር የመለሰለት።

«ኦስታ፣ አንተ አንድ ቀን ተኩል አፈር ተጭኖህ አካፋዬን ያልክ ሰው ነህ። ለአንተ ያላመመህ ለእኛ ሞት ነው። በአንተ ልክ እኛን አትስፈረን።»

ሁሉም በዚህ ተስማማ።  ውሸቱን በአንድ ቀን አምነው፣ እውነቱን በጀግንነቱ ምክንያት አንቀበልም አሉት። ኦስታ በሩን ያዘ። ወጥቶ የሚሄድ መሰለኝ። እሱ ግን ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«አካፋውን ለምን እንደጠየቅሁ ታውቃላችሁ?» አለ። «ያን አንድ ቀን ተኩል እናቴን ስጠራ ነው ያደርኩት። ሱሪዬም ደረቅ አልነበረም። ስታወጡኝ ዓይኔ አብጦ ነበር፤ አልቅሷል እንዳትሉ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ የመጣው አካፋ ነው።»

ሳሙና የተቀባው ሰውዬ ሳሙናው ፊቱ ላይ ደረቀ። ኦስታ አላቆመም። ስለ መንቀጥቀጡ ነገራቸው፣ ስለ ጠረጴዛው ምልክት፣ በመርፌዋ ጊዜ የእኔን ጣት እንዴት እንዳወለቀው። በፋሻ የተጠቀለለ ጣቴን ከፍ አድርጌ አሳየሁ፤ እኔ የራሴን ጣት ብናገር የማንም ምስጢር አይደለም። አፉ በሉኝ ያለው ለመሽሐድ ሳይሆን ለዚህች ቁንጥጫ እንደነበር ነገራቸው። የእማማ ሻህረባኑ መሐረብ መሽሐድን ሳያይ የክሊኒኩ ማንጠልጠያ ላይ በሱሪው ኪስ ውስጥ ተንጠልጥሎ እንደዋለ ሲናገር ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ያቺ አሮጊት በዚያ መሐረብ ገበያ ሄዳ መመለሷን ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ፀጉር ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እስኪያስነባቸው ሳቁ፤ ኦስታም ሳይወድ አብሮ ሳቀ። ለእማማ ሻህረባኑ ማንም ይህን እንዳይነግራት እዚያው ተማማሉ፤ ነፍሷን ይማርና እስክትሞት ድረስ ማንም አልነገራትም፣ ጉልበቷም አላመማት።

ፈትሁላህ ብቻ አልሳቀም። ሰዉ ሲወጣ ጠበቀኝና፣ እንግዲህ ከእሱ የባስኩ ፈሪ አልባልም፣ ጻፈኝ አለ። ሌሎች አራት ሰዎችም ያን ማታ ስማቸውን መለሱ።

ኦስታ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው ደርሶ ነበር። ኤስማት እራት አቀረበች፣ ዕቃ አጠበች፣ ተኛች። በማግስቱ ጠዋት አልተነሳችም። ምን ሆንሽ ቢላት አሞኛል አለችው። የት ነው ቢላት፣ ስድስት ቦታ አለችው። ከዚያ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልትጠይቃት የሄደችው ባለቤቴ ናት የነገረችኝ፤ ኦስታ ሽርጥ አሥሮ ዶሮ በእጁ ይዞ፣ ይሄ ላባ የሚነቀለው በሙቅ ውሃ ነው ወይስ በቀዝቃዛ ብሎ ጠየቃት። ኤስማት አሥራ አንድ ቀን ተኛች። አንድም ቀን አላሳነሰችም፣ አላስበለጠችም። በኋላ እኔ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ማስመሰሉን መቼ አወቅሽ ብላት፣ የመጀመሪያውን ሌሊት በሆዱ ተገልብጦ ተኝቶ ሲያንኮራፋ አለችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ ሰውየው ከተጋባን ወዲህ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ አያውቅም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ሰው ሆኖ በብርሃን አየሁት አለች።

ፈትሁላህን ከአራቱ ጋር በሚቀጥለው ሐሙስ ይዣቸው ሄድኩ። አምስቱም በሰላም ተሠርቶላቸው፣ እየተቀላለዱ ተመለሱ። በማግስቱ ከሰዓት ሩባብ አስጠራችኝ። ፈትሁላህ ተኝቷል፤ ገላልጬ ሳየው አብጦ ጠቁሯል። ውስጥ ደም ፈስሶ መጠራቀሙ ነው፤ ከመቶ ሰው አንድ ሁለቱን ያጋጥማል፣ ይህንንም ከመሄዳቸው በፊት ነግሬያቸዋለሁ፣ ማንም አልሰማኝም እንጂ። ለዶክተር ጎልሻን ደወልኩ፤ በረዶ፣ የሕመም ማስታገሻና እረፍት አዘዘ፣ ከጨመረ አምጣው አለ። ለሦስት ቀን ፈትሁላህ መዞር አልቻለም። ላቡ ትራሱን ያርሰው ነበር።

ወንዶቹ ሊጠይቁት መጡ። ገና ከበሩ ጀምሮ ይስቃሉ። ጉጠቱ ስንት ነበር ይሉታል፣ ሹፌሩ ደህና ነው ይሉታል፣ ለአንተስ ስንት ዶሮ ታረደ ይሉታል። በመንደሩ ስለ ሕመም ሲያወራ የኖረው ሰው እውነት ሲያመው አንድም የሚያምነው አጣ። ማንም አያምነኝም ብሎ ይጮሃል፣ ይምላል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ፈገግ ይላል፣ ምንም አይደለም፣ ሥራ ስለሰለቸኝ ነው የተኛሁት ይላል።

ሲወጡ፣ ለምን አትነግራቸውም፣ እኔም እመሰክርልሃለሁ፣ ከፈቀድክልኝ አልኩት።

«የሚቀጥለው ሐሙስ ስንት ሰው አለህ?» አለኝ።

«ስድስት።»

«እንግዲያውስ አፍህን ዝጋ» አለና በረዶው የቀለጠበትን ፎጣ አቀበለኝ።

የሚሄዱትን ስድስቱን ግን ከመሄዳቸው በፊት አንድ በአንድ ጠርቼ፣ አልፎ አልፎ እንዲህ ሊያብጥ ይችላል ብዬ ዳግመኛ ነገርኳቸው፤ የማንንም ስም አላነሳሁም። ሁሉም ሄዱ። ፈትሁላህም በሁለተኛው ሳምንት ምላጩን ያዘ።

ሩባብ ዛሬም አለች። ሰባ ዓመት ልትሞላ ነው፤ ደረጃ ስትወጣ አሁንም እያረፈች ነው። ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ፈትሁላህ አጠገብ ተቀምጣ በረዶ ስትቀይርለት ለእሷ ብቻ፣ በጣም ያመኛል ይላት እንደነበር ከብዙ ዓመት በኋላ ነገረችኝ። እሷም፣ አውቃለሁ ትለው ነበር።